አምስት ክፍል ያለው ምሳ ዕቃ

ቅጹን የፈጠሩት ፕሮፌሰር ሐሺዙሜ ራሳቸው ናቸው። በማስመሪያ አስምረው፣ በሰም ወረቀት ጽፈው፣ የማባዣ መኪናውን እጀታ እጃቸው እስኪጠቁር አሽከርክረው ያወጡት ነው። አምስት ሣጥኖች አሉት፦ ጥያቄ፣ መላምት፣ ሙከራ፣ ውጤት፣ ድምዳሜ። ከአምስቱ አንዱ ባዶ ከቀረ ሥራው ሳይንስ አይደለም። ከአምስቱ የተረፈ ነገር ካለም የተረፈው ሳይንስ አይደለም። የናሚሳኪ የባሕር ጥናት ጣቢያ ሰዎች ፕሮፌሰሩ ዞር ሲሉ ቅጹን «ምሳ ዕቃው» ይሉታል፤ ሩዙ በዚህ፣ ዓሣው በዚያ፣ ጥግ ላይ ደግሞ በጨው የተዘፈዘፈች አንድ ፕሪም። እውነት ለመናገር ስሙ ልክ ነው። ሰውየው ሳይንስን ክዳን ገጥመው፣ በጨርቅ ቋጥረው ባቡር ላይ ሊጭኑት የሚፈልጉ ይመስላሉ።

ሚዙኤ ታዶኮሮ ከዚህ ምሳ ዕቃ ጋር ሦስት ዓመት ግብግብ ገጥማለች። ሠላሳ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ቁመቷ አጭር፣ ድምፅዋ ትልቅ፣ ደስ ሲላት ቃላቱ እርስ በርስ እየተጋፉ የሚወጡባት ሴት ናት። የምታጠናው የባሕር ላባ የሚባለውን እንስሳ ነው። ራስ የለው፣ ዓይን የለው፤ ድንጋይ ላይ ተጣብቆ አርባ ክንዱን እንደ ላባ ዘርግቶ ይኖራል። ዓመቱን ሙሉ ዝም ነው። ከዓመቱ አንድ ቀን፣ ያውም ከቀትር በኋላ ለጥቂት ደቂቃ፣ በባሕሩ ዳርቻ ያሉት ሁሉ በአንድ ላይ ዘራቸውንና እንቁላላቸውን ይለቃሉ። ከዚያ እንደገና ዝም።

ያንን እንቁላል በተለቀቀበት ሰዓት ያየ የሳይንስ ሰው አልነበረም። ሚዙኤ ማየት አለባት። የተመራማሪነት ወንበሩ የተሰጣት ለሦስት ዓመት ነው፤ በሦስተኛው ዓመት በአሥረኛው ወር መጨረሻ የምታስገባው ዘገባ በፕሮፌሰሩ ማኅተም ካልጸና ቦታዋ ለሌላ ይሰጣል። መሳቢያዋ ውስጥ የወንድሟ ደብዳቤ ተቀምጧል፦ ተራራ ላይ ያለ የሴቶች ትምህርት ቤት፣ ጥሩ ሰዎች፣ ንጹሕ አየር። ባሕር የሚባል ነገር በግድግዳ ሥዕል ብቻ የሚታወቅበት አገር። ደብዳቤውን ባየችው ቁጥር መሳቢያውን መልሳ ትዘጋዋለች።

ተስፋዋ ሁሉ የአባባ ጊንፔይ ማስታወሻዎች ላይ ነበር። አባባ ጊንፔይ የጣቢያው ጀልባ ቀዛፊና እንስሳ ሰብሳቢ ናቸው፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጠልቀው የማያውቁት ድንጋይ በዚያ ዳርቻ የለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ያዩትን በደብተር አስፍረዋል። ሚዙኤ በመጣች በመጀመሪያው ሳምንት ደብተሮቹን ከመደርደሪያ አውርዳ አቧራቸውን አራግፋ ስታነብ ወደ መብራቱ ተጠጋች። በየዓመቱ ያው ነው፦ «ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 8። ላባዎቹ ለቀቁ። ፀሐይ ከጥዱ በላይ።» በአንዳንዱ ዓመት ብቻ «ቀን 23»። ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሁለት ቀን! ከዚህ የበለጠ ሥርዓት ያለው ነገር የት ይገኛል?

ወዲያው መላምት ወጣላት። በየዓመቱ በአንድ ቀን ላይ የማይለወጥ ነገር ፀሐይ ብቻ ናት፤ ስለዚህ እንስሶቹ የቀኑን ርዝመት እየቆጠሩ ነው። ፕሮፌሰር ሐሺዙሜ ይህን ሲሰሙ ከወንበራቸው ተነሡ። «ውብ መላምት!» አሉ። «እንዲህ ነው እንጂ!» የመላምቷ ሣጥን ሞላ። ገንዳዎች አዘጋጀች፤ በጥቁር ጨርቅ ሸፈነች፤ መብራት አበራች፣ አጠፋች። ላባዎቹ ንቀዋት ዝም አሉ። በዘጠነኛው ወር በስምንተኛው ቀን ከአባባ ጊንፔይ ጋር ጀልባ ላይ ወጥታ፣ ታቹ መስተዋት የሆነ የእንጨት ሣጥን ውኃ ላይ አስቀምጣ ስታፈጥ ዋለች። ምንም የለም። በሃያ ሦስተኛው ቀን ምንም የለም። በሚቀጥለው ዓመት ምንም። ያን ዓመት ተስፋ ቆርጣ ያየችውን ሁሉ፣ የውኃውን ቀለም፣ የሸርጣኑን መንገድ፣ በተጨማሪ ወረቀት ጽፋ ከቅጹ ጋር አጣብቃ አስገባች። ፕሮፌሰሩ ወረቀቱን በጥንቃቄ ገንጥለው መለሱላት።

«ወይዘሪት ታዶኮሮ፣ በመጋጠሚያው ላይ ማኅተሜ ያላረፈበት ወረቀት የዘገባው አካል አይደለም። ግማሹ እዚህ፣ ግማሹ እዚያ ካላረፈ የመጠቅለያ ወረቀት ነው።»

«ታዲያ ማኅተሙን ያሳርፉበት።»

«የትኛው ሣጥን ውስጥ ነው የሚገባው?»

ሚዙኤ ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ሰውየው ክፉ ሆነው አልነበረም። በወጣትነታቸው አንድ የተከበሩ መምህር አዲስ ነገር አገኘሁ ብለው ሲያውጁ፣ ደቀ መዛሙርቱ ሁሉ «አየን፣ አየን» ብለው ነበር፤ ሐሺዙሜም ጭምር። የታየው ነገር ኋላ ላይ አለመኖሩ ታወቀ። ከዚያ ወዲህ ሥርዓት ሳይዝ የሚፈልግ ሰው የፈለገውን ያያል ብለው አመኑ። አምስቱ ሣጥኖች ከዚያ እፍረት የወጡ ናቸው።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ስምንተኛው ቀን ምንም። ሃያ ሦስተኛው ቀን ምንም። «መላምቱ ወድቋል» አሉ ፕሮፌሰሩ፣ ያለ ክፋት። ሚዙኤ ደብተሮቹን በጨርቅ ቋጠረችና ከአራት ቀን በኋላ ከሰዓት ልትመልስ ወደ አባባ ጊንፔይ ቤት ወረደች። ለወንድሟ «እመጣለሁ» ብላ ልትጽፍ በልቧ ወስናለች።

የአባባ ጊንፔይ ሚስት እማማ ኦታማ በረንዳው ላይ ተቀምጠው የሩዝ ዱቄት ያድቦለቡላሉ። አጠገባቸው የተቀቀለ ጎደሬ በእንፋሎት ይጨሳል፤ ማሰሮ ውስጥ ሰምበሌጥ ቆሟል።

«ግቢ፣ ግቢ! ፊትሽ ምነው እንደዚህ ከሰል መሰለ?» አሉ። «ዛሬ እንኳ ፈገግ በይ እንጂ። ጨረቃ እንደዚህ ሆነሽ ብታይሽ ተመልሳ ትገባለች።»

«ዛሬ ነው እንዴ የጨረቃ ማያው በዓል?»

«ስምንተኛው ወር፣ አሥራ አምስተኛው ቀን ነዋ! ቶክዮ ሰው ቀን አይቆጥርም?»

ሚዙኤ ይህን በዓል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች። ያደገችበት ቶክዮም ቢሆን ዱቄቱ ይድቦለቦላል፣ ጎደሬው ይቀቀላል። እጇን ዘርግታ አንድ ትኩስ ጎደሬ አነሣች፤ አቃጠላት፤ የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ይዛ ቀረች። ጋዜጣው የዚያን ቀን ነው። ከላይ ቀኑ ተጽፏል፦ ዘጠነኛ ወር፣ ቀን 27።

ስምንተኛ ወር አሥራ አምስት። ዘጠነኛ ወር ሃያ ሰባት። ሁለቱም ዛሬ።

ጎደሬው ተንከባሎ ከበረንዳው ወደቀ። ልታነሣው እንኳ አላሰበችም።

«አባባ ጊንፔይ!» ድምፅዋ የጎረቤት ዶሮ አስበረገገ። «አባባ! ደብተሩ ላይ የጻፉት ቀን... በየትኛው ነው?»

ሽማግሌው መረብ እየጠገኑ ነበር። «በየትኛው ማለት?»

«በመንግሥቱ አቆጣጠር ነው ወይስ በጨረቃ?»

አባባ ጊንፔይ መርፌያቸውን አስቀምጠው፣ ትኩሳት የያዘውን ሰው እንደሚያዩ አድርገው አዩዋት። «ልጄ፣ ዓሣ የመንግሥት ሠራተኛ ነው እንዴ?»

እማማ ኦታማ በዱቄት እጃቸው አፋቸውን ይዘው ሳቁ። ሚዙኤ ግን በረንዳው ላይ ዘፍ አለች። ሦስት ዓመት! የጨረቃን ዘጠነኛ ወር የጋዜጣው ዘጠነኛ ወር አድርጋ አንብባ፣ የፀሐይ መላምት ሠርታ፣ ገንዳ ሸፍና፣ መብራት ለኩሳ! ከአንድ ወር በላይ ቀድማ እየወጣች ባዶ ባሕር ላይ ስታፈጥ!

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?» ጮኸች። «ሦስት ዓመት አብረውኝ ጀልባ ላይ ተቀምጠው! ምንም በማይሆንበት ቀን!»

«እኔ ምን አውቃለሁ? ያ ፕሮፌሰርሽ አንድ ቀን ይዞኝ ሲያስተምረኝ፣ ነገሩ የሚሆንበትን ቀን ብቻ ሳይሆን የማይሆንበትንም ቀን ማየት ያስፈልጋል አለኝ። ማነጻጸሪያ ይባላል አለኝ። አንቺም በማይሆንበት ቀን ውሰዱኝ ስትዪ፣ ይኸው ማነጻጸሪያው አልኩ። ሳይንስ ነው ብዬ ዝም አልኩ።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ማነጻጸሪያው በዛ ብዬ ለኦታማ ግን ነግሬያታለሁ።»

«እውነቱን ነው፣ ነግሮኛል» አሉ እማማ ኦታማ።

ሚዙኤ ሳቀች። ሳቁ ሲጀምር ልቅሶ ነበር፤ መሃል ላይ ሳቅ ሆነ። በጣቶቿ መቁጠር ጀመረች። በጨረቃ ስምንተኛው ቀን ግማሽ ጨረቃ ነው። ሃያ ሦስተኛውም ግማሽ ጨረቃ ነው። «ግማሽ ጨረቃ! አባባ፣ በግማሽ ጨረቃ ውኃው...»

«ሰነፍ ነው። ወዲህም አይልም፣ ወዲያም አይልም።»

«እንቁላሉን አይጠርገውም! ዘሩ ከእንቁላሉ ሳይገናኝ አይወሰድም!» ተነሥታ ቆማለች። «የሚቀጥለው ዘጠነኛ ወር ስምንተኛው ቀን መቼ ነው? በጋዜጣው?»

ሽማግሌው ከምሰሶው ላይ የተንጠለጠለውን የዓሣ አጥማጆች የቀን መቁጠሪያ ገልጠው በጣታቸው ወረዱ። «አሥረኛ ወር፣ ሃያ።»

ሃያ ሦስት ቀን ቀርቷታል። ከዘገባው በፊት! እማማ ኦታማ ጎደሬ ሊያስያዟት ቢጣሩም አልሰማችም፤ ጫማዋን እንኳ ግራ ቀኙን አቀያይራ አድርጋ ሽቅብ ወደ ጣቢያው በረረች።

ፕሮፌሰር ሐሺዙሜ ትንፋሿ እስኪመለስ ታገሱ። ሰሙ። ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ይህ መላምት ነው?»

«አይደለም፣ ፕሮፌሰር። የማንበብ ስሕተት ነው።»

«ከማንበብ ስሕተት ሙከራ አይጀመርም።»

«ባሕሩ ይህን አልሰማም!» አለችና ምላሷን ነከሰች።

ፕሮፌሰሩ መነጽራቸውን ጠርገው መልሰው አደረጉ። «እኔም ጀልባው ላይ እሆናለሁ» አሉ በመጨረሻ። «የጓጓ ሰው ብቻውን ማየት የለበትም።»

ሃያኛው ቀን ጠራ፤ ባሕሩ እንደ ሻይ ሰሐን ለጥ ብሏል። ፕሮፌሰሩ ክራባታቸውን አስረው፣ ጫማቸውን አውልቀው ሱሪያቸውን ጠቅልለው መጡ። አባባ ጊንፔይ ክራባቱን አይተው ለላባዎቹ ሠርግ የተጠሩ ነው የሚመስሉት ብለው አጉረመረሙ።

ድንጋዮቹ ዘንድ ሲደርሱ ስምንት ሰዓት ተኩል ነበር። ሚዙኤ በመስተዋቱ ሣጥን አጎነበሰች። ላባዎቹ ከታች ክንዳቸውን ዘርግተዋል፤ ቢጫ፣ ቡናማ፣ አንዳንዱ ወይን ጠጅ። ዝም። ዘጠኝ ሰዓት ሆነ። ዝም። ጥርሷን ነክሳ ስለያዘች መንጋጋዋ ታመመ። ባይሆንስ? ተራራው፣ ንጹሑ አየር፣ ጥሩዎቹ ሰዎች።

«አባባ ጊንፔይ፣» አሉ ፕሮፌሰሩ ዝምታው ከብዷቸው፣ «መጻፉን ማን አስጀመረዎት?»

«ከእርስዎ በፊት የነበሩት የጣቢያው አለቃ። ጊንፔይ፣ ያየኸውን ጻፍ፣ ያሰብከውን አትጻፍ፣ ማሰቡ የእኛ ሥራ ነው አሉኝ። እኔም አስብ ነበር፤ ግን አልጻፍኩትም።»

«ምን ነበር የሚያስቡት?»

«በግማሽ ጨረቃ ነው ብዬ።»

ፕሮፌሰሩ ወደ ውኃው ዞሩ። ፀሐይዋ ከአፋፉ ጥድ በላይ ደርሳለች።

ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ከአንዱ ቡናማ ላባ ክንድ ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ። ሚዙኤ ዓይኔ ነው ብላ ጨፍና ገለጠች። ከጎኑ ካለውም ወጣ። ከዚያ ከሌላው። በአንድ ጊዜ ታቹ ሁሉ እንደ ሩዝ እጣቢ ነጣ፤ ቀጥሎ ሴቶቹ ክንዳቸውን ቀስ ብለው አነሡና እንቁላሎቹ መውጣት ጀመሩ፦ በመቶ፣ በሺህ፣ ክብ ክብ፣ ብርሃን የሚያሳልፉ፣ ወደ እሷ ወደ ላይ እየተንሳፈፉ። እንባዋ መስተዋቱ ላይ ተንጠባጠበና ማየት ከለከላት።

«ለቀቁ!» ብሎ የጮኸው ሌላ ሰው ነው። «ለቀቁ! ለቀቁ! እዚያም! ኧረ እዚያ እዩ!» ፕሮፌሰር ሐሺዙሜ በሆዳቸው ተኝተው፣ ክራባታቸው ውኃ ውስጥ ገብቶ፣ በእጃቸው የጀልባውን ጠርዝ ይደበድባሉ። «ባልዲ! ባልዲ ስጡኝ! ታዶኮሮ፣ ሰዓቱን ጻፊ! አይ፣ ተዪው፣ ተመልከቺ! እኔ እጽፋለሁ!»

«ሊገለብጡን ነው» አሉ አባባ ጊንፔይ በሌላ በኩል ክብደታቸውን እየጣሉ። ጥርስ አልባ ድዳቸው እስኪታይ ይስቁ ነበር።

ሃያ ደቂቃ አልሞላም፤ አበቃ። ላባዎቹ ምንም እንዳልተፈጠረ ዝም አሉ። አራት ባልዲ ሙሉ እንቁላል ነበራቸው፤ አመሻሽ ላይ በአጉሊ መነጽሩ ሥር እንቁላሉ ለሁለት፣ ከዚያም ለአራት ሲከፈል ሦስቱም እየተገፋፉ አዩ። ሚዙኤ አንጀቷ ቅቤ ጠጣ።

ከአሥር ቀን በኋላ ዘገባዋን ይዛ ፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባች። ቅጹ ላይ አንድ ተጨማሪ ወረቀት አጣብቃለች። ፕሮፌሰሩ መጀመሪያ ሣጥኖቹን አነበቡ፤ መላምት ከሚለው ሥር «የቀን ርዝመት ነው ብዬ ነበር። ተሳስቻለሁ» ይላል። ፊታቸው ተቋጠረ።

«ይህን ሰርዢው። ግማሽ ጨረቃ ብለሽ ጻፊ። ሙከራ፣ በጀልባ የተደረገ ምልከታ። ማነጻጸሪያ፣ በሦስቱ ዓመታት ባዶ የዋልሽባቸው ስድስት ቀናት። ውጤት፣ መላምቱ ተረጋገጠ። እነሆ፣ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ! አሁኑኑ አትመዋለሁ።»

ተፈተነች። አሁኑኑ አትመዋለሁ ብለዋል፤ ወንበሩ የእሷ ነው፣ ባሕሩ የእሷ ነው። አንድ መስመር መሰረዝ ብቻ።

«ግን እንደዚያ አልሆነም፣ ፕሮፌሰር።»

«ማንም ላይ እንደዚያ አይሆንም!»

ፕሮፌሰሩ የተናገሩትን ከእሷ እኩል የሰሙት ይመስላል። ወደ መስኮቱ ዞሩ።

«እርስዎም ላይ?» አለች ቀስ ብላ።

«ስም ያሰጠኝ የባሕር ጃርቱ ጽሑፌ...» ጀርባቸው ብቻ ነበር የሚታየው። «የገንዳው ማሞቂያ ተበላሽቶ ነው ያገኘሁት። ልጥላቸው ስል ነው ያየኋቸው። መላምቱን የጻፍኩት በኋላ ነው። ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው፤ ማንንም ለማታለል አይደለም። ነገሩ እንዲያምር ነው።»

«እርስዎ ሥርዓት የሌለው ሰው የፈለገውን ያያል ይላሉ። እኔም አይቻለሁ፤ ሦስት ዓመት ሙሉ የፈለግኩትን ሥርዓት አይቻለሁ፣ ያውም በአምስት ሣጥን አሰልፌ። አባባ ጊንፔይ መላምት ሳይጽፉ ሃያ ስድስት ዓመት ጻፉ። እኔ መላምት ይዤ ተሳሳትኩ። እማማ ኦታማ ጎደሬ ቀቀሉ። ከእኛ መሃል የሳይንስን መንገድ የያዘው ማን ነው? እኔ አላውቅም። የማውቀው የተሳሳትኩበትን ከደበቅኩ የሚያነበው ሰው እንደሚታለል ነው። የተሳሳትኩበት ከሌለበት ዘገባ ተራራው ይሻለኛል።»

«ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ይስቁብሻል። ቀን መቁጠር የማታውቅ ይሉሻል።»

«ይሳቁ። እማማ ኦታማ ቀድመዋቸው ስቀዋል።»

ፕሮፌሰሩ ተቀመጡ። ተጨማሪውን ወረቀት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። ደብተሩ፣ ጥቁሩ ጨርቅ፣ የዓሣ አጥማጆቹ የቀን መቁጠሪያ፣ ማነጻጸሪያ መስሏቸው ዝም ያሉት ሽማግሌ፣ ጀልባውን የደበደቡት ፕሮፌሰር። የራሳቸው ቦታ ላይ ሲደርሱ ጆሯቸው ቀላ።

«ይህ የጎደሬው ነገር ግድ ነው?»

«ያለ ጎደሬው አልደርስበትም ነበር።»

በእጃቸው የወረቀቱን ጠርዝ ያዙት፤ ዓምና እንደገነጠሉት አድርገው። ሚዙኤ እጇን ጉልበቷ ላይ ጨብጣ መሬቱን አየች። የተቀደደ ወረቀት ድምፅ ጠበቀች፤ የሰማችው ግን የመሳቢያ ድምፅ ነው። ፕሮፌሰሩ ማኅተማቸውን አውጥተው ቀዩ ቀለም ላይ ነከሩት፤ እፍ አሉበት። ከዚያ ሁለቱ ወረቀቶች በሚጋጠሙበት ላይ አስቀምጠው በሁለት እጃቸው፣ ትከሻቸውን ጭነው ተጫኑት።

ሲያነሡት ሐሺዙሜ የሚለው ስም ግማሹ አምስቱ ሣጥኖች ላይ፣ ግማሹ ጎደሬው ላይ አርፎ ነበር። ከእንግዲህ ያንን ወረቀት ሊገነጥል የሚፈልግ የፕሮፌሰሩን ስም ለሁለት መቅደድ ይኖርበታል።